ቀጭን ድምፅ በካምፓላ ኮረብቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1885 በካባካ ሙዋንጋ ዘመን ሦስት ወጣት ክርስቲያኖች ናቴቴ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ቡሴጋ ተወስደው ተገደሉ። ማኮ ካኩምባ፣ ኑዋ ሴርዋንጋና ዩሱፉ ሉጋላማ ይባላሉ። ሉጋላማ ገና ልጅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው፣ ወደ ሞት ሲነዱ መዝሙር ይዘምሩ ነበር። የካምፓላን የኅብረት ዝማሬ ታሪክ ከናሚሬምቤ ካቴድራል መጀመር ይቻላል፤ እኔ ግን ከዚያ ልጅ ድምፅ መነሣቱን እመርጣለሁ። ካቴድራሉ የተሠራው ከ1915 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት ነው፤ መዝሙሩ ቀድሞታል።

ቀጭን ድምፅ የምንለው የሙዚቃ ሰዎች ሶፕራኖና አልቶ የሚሏቸውን፣ ማለትም የሴቶችንና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆችን ድምፅ ነው። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ብዙ ማኅበራት «የሴቶች መዘምራን» የሚለውን ስያሜ ትተው «የቀጭን ድምፅ መዘምራን» መባልን መርጠዋል። በር ላይ የሚጠየቀው ጾታ ወይም ዕድሜ ሳይሆን ድምፁ ይሁን ማለታቸው ነው። ነገሩ ተራ የቃል ለውጥ ይመስላል፤ ሆኖም ማን እንዲዘምር ይፈቀድለታል የሚለው ጥያቄ ለእኛም ሆነ ለባጋንዳ ጎረቤቶቻችን አዲስ አይደለም።

በእኛ ዘንድ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ባለቤቶች ወንዶች ነበሩ። ማሕሌት የሚቆሙት፣ መቋሚያና ጸናጽል የሚይዙት ደብተሮች ናቸው። ሴቶች በእልልታና በጭብጨባ ይመልሳሉ። ቀጭን ድምፅ ወደ መቅደሱ የሚገባው በትንሹ ዲያቆን በኩል ነበር፤ በቅዳሴ መካከል ያን የልጅ ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ ግን ልጃገረዶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከበሮ እየመቱ በአማርኛ መዘመር ያዙ። በቡጋንዳም ከበሮ የወንድ ሥራ ነበር፤ ሴት ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፣ እልል ትላለች፣ ከበሮውን ግን አትመታም። ይህን ልማድ ቀስ በቀስ ካላሉት ነገሮች አንዱ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በ1905 በጋያዛ እንደተከፈተው ባለ ትምህርት ቤት ወንድ ተማሪ ስለሌለ፣ የዝማሬው ክፍል ሁሉ በልጃገረዶች እጅ ይወድቃል። ከላይኛው ዜማ ሥር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድምፅ የሚይዙት እነርሱው ናቸው።

ሌላው የቀጭን ድምፅ ምንጭ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የሉዌሮ አካባቢ በእርስ በርስ ውጊያ ሲታመስ፣ ሬይ ባርኔት የተባለ ሰው ከኡጋንዳ ልጆችን ሰብስቦ «የአፍሪካ ሕፃናት መዘምራን» የሚባለውን ቡድን አቋቋመ፤ ልጆቹንም ይዞ ሰሜን አሜሪካን ዞረ። ቡድኑ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተካሄደው ላይቭ ኤይት ኮንሰርት እስከ መዘመር ደርሷል። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም የመጀመሪያው አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ፣ ቪቫልዲ ባስተማረበት በፒዬታ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶች ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ሲዘምሩ መንገደኞች ከሩቅ ይመጡ ነበር። በእኛም አገር አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አሉ፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ሲያመጧቸው መለከትና ከበሮ እንጂ ዝማሬ አልነበረም ሥራቸው፣ ነገር ግን የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ያለ እነርሱ አይጻፍም።

ለእነዚህ ልጆች ዝማሬ ትምህርትና እንጀራ ሆኗቸዋል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ቢሆንም የመግቢያው ትኬት ችግር የሆነበት ዝማሬ ቅር ያሰኘኛል። አድማጩ ድምፁን ይሰማል ወይስ ያዝናል? ልጁ ሲያድግ፣ ድምፁም ሲጎረን፣ ቦታው ለሌላ ትንሽ ልጅ ይለቀቃል። ሁሉን የሚቀበል የሰፈር ማኅበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሟም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም፣ የአሥር ዓመቱም ልጅ፣ አያቱም የሚቆሙበት ነው፤ አሳዛኝ ታሪክ ማቅረብ ግዴታ አይደለም፣ ከሁሉ በልጦ መገኘትም እንዲሁ።

ኖታ አላነብም የሚል ሰው እንዳይፈራ አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቅ አፍሪካ መዘምራን ዘንድ የተለመደው ጽሕፈት አምስት መስመር ያለው ኖታ ሳይሆን፣ ዶ ሬ ሚን በፊደል ብቻ የሚጽፈው ቶኒክ ሶልፋ ነው። መሠረቱን የጣለችው ሣራ ግላቨር የምትባል እንግሊዛዊት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ከርወን አስፋፋው። በተራ ወረቀት በእጅ ይገለበጣል፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ድፋትን፣ ቅናትን፣ ጭረትንና ርክርክን ከቃሉ በላይ የሚያሰፍረውን የያሬድ ምልክት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

የሚከብደው ዜማው ሳይሆን ቃሉ ነው። ሉጋንዳ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል የቃል ፍቺ የሚለወጥበት ቋንቋ ነው። ሚሲዮናውያን የሉጋንዳ ቃል በእንግሊዝ ዜማ ላይ ሲጭኑ፣ ዜማው ሲወጣ ቃሉ መውረድ ነበረበት፤ ስለዚህ ጆሮ ለለመደው ሰው መዝሙሩ ይጎረብጣል። ይህን አጥብቆ ያሰበበት በ1922 የተወለደው ጆሴፍ ክያጋምቢድዋ ነው። በ1955 ስለ ናይል ምንጭ ሙዚቃ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ዜማው የሉጋንዳን አነጋገር የሚከተል፣ ስለ ኡጋንዳ ሰማዕታት የተደረሰ ኦራቶሪዮ ጻፈ። ኦራቶሪዮው 22ቱ ካቶሊክ ሰማዕታት በ1964 ቅድስናቸው ሲታወጅ ሮም ላይ ተሰማ። በቡሴጋ መንገድ ልጆቹ በተዘመረው እና በዚህ መካከል 79 ዓመታት አሉ።

አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ነገር ይታደላል። ሉጋንዳም እንደ እኛ ቋንቋ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ሲሆን፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል እንደሚሆን ሁሉ፣ በሉጋንዳ «ኦኩታ» ሲላላ መልቀቅ፣ ሲጠብቅ መግደል ነው። የእኛ ፊደል ይህን አያሳይም፤ ሉጋንዳ ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደግሞ ይጽፈዋል። ስለዚህ ለአዲስ ገቢ የመዝሙር ወረቀት ሲሰጣት አስቀድማ ድርብ ፊደሎቹን በእርሳስ ብታሰምርባቸው፣ በመጀመሪያው ልምምድ ምላሷ ከጎረቤቶቿ ጋር እኩል ይራመዳል።