በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በቤት የሚነገሩ ቋንቋዎች፣ የአገልግሎት ቋንቋና የእንግሊዝኛ ቦታ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝና ከኦሮሚያ ክልል ጋር የሚዋሰን ክፍለ ከተማ ነው። ወደ ቢሾፍቱና አዳማ የሚወስደው ዋና መንገድ የሚያቋርጠው ይህ አካባቢ ለረጅም ዘመን የፋብሪካዎች መናኸሪያ በመሆኑ፣ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች ሥራ ፈልገው የመጡ ቤተሰቦች ኑሯቸውን መሥርተውበታል። በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት የሆነውን ቱሉ ዲምቱን የመሰሉ የቦታ ስሞችም የአካባቢውን ነባር ቋንቋ ይመሰክራሉ።

በቤት የሚነገሩ ቋንቋዎች

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንደሚያሳየው፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች 71 በመቶ ያህሉ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞ 11 በመቶ፣ ጉራጊኛ 8 በመቶ፣ ትግርኛ ደግሞ 4 በመቶ ያህል ድርሻ ነበራቸው።

የሥራ ቋንቋ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 መሠረት ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 እንደተደነገገው አማርኛ ነው።

የእንግሊዝኛ ቦታ

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በመሆኑም የእንግሊዝኛ ችሎታ በአብዛኛው በትምህርት ቤት ቆይታ ይወሰናል፤ በአንድ ቤት ውስጥም ልጆች የሚያነቡትን ጽሑፍ ወላጆች ላይረዱት ይችላሉ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ቢሆንም፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የተያዘ ሰው የቀረበበት ክስና የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው መብት አለው (አንቀጽ 19/1)።

• የተከሰሰ ሰው የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 20/7)።

• በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል፣ ፊርማው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር አያስገድደውም።

ይህ የመጨረሻው ጥበቃ የተደነገገው ማየት ወይም ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል፣ ነገር ግን ሰነዱ የተጻፈበትን ቋንቋ በቅጡ የማያውቅ ተገልጋይ ይዘቱ በሚገባው ቋንቋ ሳይብራራለት መፈረም የለበትም። ለቤት ሽያጭ፣ ለብድር፣ ለውክልናና ለውርስ ጉዳዮች ሕፃናትን በአስተርጓሚነት ከማቅረብ ይልቅ፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቅና በጉዳዩ ጥቅም የሌለው አዋቂ ሰው ይዞ መቅረብ ይመከራል።