ኤሌክትሮኒክ አርትስ፦ አመሠራረቱና የሥራ ዘርፎቹ

ኤሌክትሮኒክ አርትስ የቪዲዮ ጨዋታዎችን በማዘጋጀትና በማሳተም በዓለም ከታወቁ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ቀደም ሲል በአፕል ኩባንያ ይሠሩ በነበሩት ትሪፕ ሃውኪንስ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሬድዉድ ሲቲ ይገኛል።

ኩባንያው በምሥረታው ዘመን የጨዋታ አዘጋጆችን እንደ መጽሐፍ ደራሲያን በስማቸው ያስተዋውቅ ነበር። በኋላ ግን ያደገው በአብዛኛው ሌሎች ድርጅቶችን በመግዛት ነው። በ1997 ማክሲስን፣ በ2006 የስዊድኑን ዳይስ፣ በ2008 የካናዳውን ባዮዌር የራሱ አድርጓል። ከተገዙት መካከል ሕልውናቸው ያከተመም አሉ፤ በ1998 የተገዛው ዌስትዉድ በ2003 ተዘግቷል።

ከ1993 ጀምሮ በፊፋ ስም ይታተም የነበረው የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የስም ስምምነቱ ባለመታደሱ ከ2023 ወዲህ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሏል። ስሙ ቢቀየርም የሊጎችና የተጫዋቾች መብት የሚገኘው በሌሎች ውሎች በመሆኑ ጨዋታው ቀጥሏል።

በ2023 ኩባንያው ሥራውን በሁለት ዘርፎች አደራጅቷል፤ እነርሱም ስፖርት ነክ ጨዋታዎችን የሚመራው ኢኤ ስፖርትስና ሌሎቹን የያዘው ኢኤ ኢንተርቴይንመንት ናቸው።

በመስከረም 2025 የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ሲልቨር ሌክና አፊኒቲ ፓርትነርስ ኩባንያውን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸው ይፋ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ በብድር የሚሸፈን በመሆኑ፣ የዕዳው ጫና በጨዋታ አዘጋጆቹ የወደፊት ዕጣ ላይ የሚኖረው ተጽዕኖ የዘርፉ ዐቢይ ጥያቄ ሆኗል።