ልጆች የሚፈርዱበት መጽሔት

እኔ በምኖርበት በዘነበወርቅ ናሩቶን በስልኩ የሚከታተል ታዳጊ ማግኘት አያስቸግርም። ያ ታሪክ ከ1999 እስከ 2014 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በርካሽ ወረቀት በሚታተም ሳምንታዊ መጽሔት ላይ እየተቆራረጠ የወጣ መሆኑን ስነግራቸው ግን ይገረማሉ። መጽሔቱ «ሾኔን ጃምፕ» ይባላል። «ሾኔን» በጃፓንኛ ወንድ ልጅ ማለት ነው።

ሹኤሻ የተባለው አሳታሚ ጃምፕን በ1968 ሲጀምር ያተመው 105 ሺህ ቅጂ ነበር። ገበያውን «ሾኔን ማጋዚን» እና «ሾኔን ሰንዴይ» ቀድመው ይዘውታል፤ ሁለቱም በ1959 የተመሠረቱ ናቸው። ስመ ጥሮቹ ሠዓሊዎችም በእነሱ እጅ ነበሩ። ዘግይቶ ለመጣው የተረፉት ወጣት ጀማሪዎች ብቻ ሆኑ። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ ጃምፕን ያቆሙት እነዚሁ ጀማሪዎች ናቸው፤ ጎ ናጋይና ሂሮሺ ሞቶሚያ ይገኙባቸዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ካርዱ ነው። በየዕትሙ ውስጥ አንዲት የፖስታ ካርድ ትገኛለች። አንባቢው ከወደዳቸው ታሪኮች ሦስቱን መርጦ ይልካል፤ አዘጋጆቹ ቆጥረው ደረጃ ያወጣሉ። ታች የወረደ ታሪክ፣ ሠዓሊው ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም ቢያድርም፣ በአሥር ሳምንት ገደማ ሊቋረጥ ይችላል። እኔ ይህን ጭካኔ እለዋለሁ። ይሁን እንጂ የአኪራ ቶሪያማን «ድራጎን ቦል» እንመልከት፦ በ1984 ሲጀመር አስቂኝ የጉዞ ታሪክ ነበር፤ የአንባቢው ፍቅር ሲቀዘቅዝ ወደ ፍልሚያ ውድድር ዞረ፤ ገናና የሆነውም ከዚያ በኋላ ነው። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች፣ ሳያውቁት፣ ከደራሲው ጋር አብረው ይጽፉ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1994 መጨረሻ የአንድ ዕትም ቅጂ 6.53 ሚሊዮን ደረሰ። ታዲያ ከፍታው አልቆየም። «ድራጎን ቦል» በ1995፣ የቅርጫት ኳሱ «ስላም ደንክ» በ1996 አለቁ፤ በ1997 ማጋዚን በሽያጭ ቀደመው። በዚያው ዓመት የኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ተጀመረ፤ ዛሬም አላለቀም። የወረቀቱ ኅትመት ግን ከዚያ ቁጥር እጅግ ወርዷል። ሹኤሻ በ2019 አዳዲስ ምዕራፎችን ለውጭ አንባቢ በነጻ የሚያቀርብ የስልክ አገልግሎት ከፈተ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኤታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ጀግና የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። እሱም ራሱን ችሎ የቆመ ሥራ እንጂ ብዙ ሠዓሊዎች በየሳምንቱ እየተፎካከሩ የሚወጡበት መጽሔት አይደለም።