የአያቴ ስም የሌለበት መሬት



ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። በአንድ የሌሊት ተራ፣ አብራኝ የምትሠራ ትውልደ ጃፓን የሆነች ነርስ በስልኳ አንድ አሮጌ ሰነድ አሳየችኝ። ሳን ሆዜ ካለው የሳንታ ክላራ ካውንቲ መዝገብ ቤት ያወጣችው የቤተሰቧ የእርሻ መሬት ውል ነው። ገዢ ተብለው የተጻፉት ቅድመ አያቷ ሳይሆኑ አያቷ ናቸው። አያቷ ደግሞ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበሩ!

ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ዜግነት የማይፈቀድላቸው የእስያ ስደተኞች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ይከለክል ነበር። እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ዜጋ ስለሆነ፣ ብዙዎች መሬቱን በልጆቻቸው ስም ያደርጉ ነበር። ሕጉ በፍርድ ቤት የወደቀው በ1952 ነው።

ጠዋት ቤት ስገባ እናቴን፣ "እማ፣ የአባባ የመሬት ወረቀት የለም?" አልኳት። ሳቀች። "እኛ ምን ርስት ነበረን ልጄ? አባቴ ሸማኔ ነበር። የሚያርሰውም የሰው መሬት ነበር።"

እናቴ የጎንደር አካባቢ ሰው ናት። በዚያ አገር ርስት ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ መብት ነበር፤ ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (እ.ኤ.አ. 1667–1682) ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ብዙዎቹ አባቶቻችን በንግድና በሽመና ኖሩ፤ ያረሰም በጭሰኝነት አረሰ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። እዚያ ሴቶች ሻጭም ገዢም ሆነው ይገኛሉ። የአያቴን ዘመዶች እዚያ ብፈልግ ግን አላገኛቸውም። ስማቸው ባይኖር እነሱ አልነበሩም ማለት አይደለም፤ መዝገቡ አላስገባቸውም እንጂ።

ሁሉም አገር አንድ ዓይነት አልነበረም። ቤተሰብሽ ከሐረር ከሆነ፣ የመሬት ጉዳይ በቃዲው ፍርድ ቤት በዐረብኛ ይመዘገብ ነበርና ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ያስፈልግሻል። ከወሎ ከሆነ ደግሞ ባለ መሬት ሙስሊሞች ብዙ ነበሩ፤ ስም ላይ ግን ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ብዙዎች እንዲጠመቁ ተገደዋል። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ያንቺም ቅድመ አያት በሌላ ስም ተጽፈው ሊሆን ይችላል።

ሰነድ ካገኘሽ የባለቤቱን ስም ብቻ አይተሽ አትዝጊው። አዋሳኞቹን እነማን እንደሆኑ፣ ምስክር የቆሙትን፣ ግብር የከፈለውን እዪ። ጎረቤትና ምስክር ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው። የመሬት ወረቀት ከሌለ የኒካሕ ወረቀት፣ የመህር ዝርዝር፣ የግብር ደረሰኝ ፈልጊ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ፣ የመሬት ባለቤትነት መብት ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ያለ ጾታ ልዩነት እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጥ ተደነገገ። እናቴ እንደምትለው፣ አባባ "ይህ የኔ ነው" ብለው ያረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ሰሞን ለአክስቴ ደወልኩላት፤ የይዞታ ደብተሯን በስልክ አንሥታ ላከችልኝ። በአማራ ክልል ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት። አክስቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ከባሏ ጎን ተቀምጣለች። በቤተሰባችን ስሟ በመሬት ላይ የተጻፈ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

እህቴ፣ እናትሽ በሕይወት ካለች ዛሬ ደውለሽ ጠይቂያት። "ምንም አልነበረንም" ብትልሽም ስልኩን አትዝጊ፤ ለምን እንዳልነበራችሁ ጠይቂያትና ጻፊው። ለልጆቻችን የምናወርሰው እሱንም ጭምር ነው።

አላህ ላለፉት ይዘንላቸው፤ ያሉትንም ያቆይልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።