የኮሶው ልክ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ኮሶ ስትወቅጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ለአጎቴ ጨመር፣ ለእኔ ቀነስ። «ልኩን ካለፈ ይገድላል» ትል ነበር። ሚዛኗ እፍኟ ነው።

ለካ ይህንኑ ፓራሴልሰስ የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1538 ጽፎት ኖሯል፤ መርዝን መርዝ የሚያሰኘው መጠኑ ነው ብሎ። በ1927 ደግሞ እንግሊዛዊው ትሬቫን ከሙከራ እንስሳት ግማሾቹን የሚገድለውን መጠን መለኪያ አደረገው። ሞት ለመቁጠር ይመቻል!

ነገሩን ያፈረሰው እርሳስ ነው (የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ)። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዴሲሊትር የልጅ ደም እስከ 60 ማይክሮግራም ቢገኝ ግድ የለም ይባል ነበር። ካልተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ካልሳተ፣ ልጁ ደኅና ነው። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን በቦስተን አካባቢ የልጆችን የወለቀ የወተት ጥርስ ሰብስቦ መረመረ። በጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች አንዳችም በሽታ አይታይባቸውም፤ ግን በአእምሮ ፈተናም በክፍል ውስጥም ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ መውረድ ነው፦ በ1991 10፣ በ2012 5፣ በ2021 3.5። ይኼም ቢሆን ይበልጥ የተጋለጡትን መለያ እንጂ የደኅንነት ልክ አይደለም። ደኅና የሚባል መጠን አልተገኘም።

ኮሶ እንኳ ሐቀኛ ነው፤ ሆድ ቆርጦ፣ አስመልሶ ይናገራል።

ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን የተሰናበቱት እስከ 2006 መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሳስተምር «ሰነፍ» ብዬ የገሠጽኳቸው ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ አስፋልት ዳር ነው ያደጉት።