ከአዲስ ሐረር እስከ መልካ ጀብዱ፤ የድሬዳዋ ነዋሪ በከተማው ሥራ የነበረው ድርሻ

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ካለው ሜዳ በደረሰ ጊዜ፣ በዚያ ለተቆረቆረው ከተማ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ አልሰነበተም። ሕዝቡ ቦታውን ድሬዳዋ እያለ ይጠራው ነበርና በመጨረሻ የጸናው ይኸው ስም ሆነ። በዚያ ዘመን የአገሬው ሰው በከተማው አመሠራረት ላይ የነበረው ድምፅ ከዚህ ብዙም ያለፈ አልነበረም። ስሙን አጽንቷል፤ ሐዲዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ጣቢያው ከወዴት እንደሚተከል ግን አልተጠየቀም።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለሌዎን ሼፍኔ የባቡሩን ውል ሲሰጡ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ሜዳው ከፍታው 1,200 ሜትር ያህል ነው። ባቡር እንዲህ ያለውን አቀበት በአጭር ርቀት ሊወጣ ስለማይችል፣ ቢችልም ወጪው ከባድ ስለሚሆን፣ ሐዲዱ ሜዳውን ይዞ እንዲያልፍ ተወሰነ። በሙያ ዓይን ሲታይ ውሳኔው የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ውጤቱ አንዲቱን ጥንታዊ የንግድ ከተማ ከዋናው መሥመር አውጥቶ ሌላይቱን ከምንም አስነሣ።

አዲሲቱም ከተማ ገና ስትወለድ ለሁለት ተከፈለች። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች የቀየሱት ከዚራ፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹና በጥላ ዛፎቹ ተዋበ። በማዶው ነጋዴው፣ ተሸካሚውና የእጅ ሙያተኛው የሰፈረበት መጋላ ደራ። ከዚራ በንድፍ የተሠራ ሲሆን መጋላ በኑሮና በገበያ ኃይል የተሠራ ነው። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት የሁለቱ መደጋገፍ መሆኑን ማንም የከተማዋ ልጅ አይስተውም።

በሁለቱ መካከል ያለው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ጠብታ ዝናብ ሳያይ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በድንገት ወርዶ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺሕዎችን ቤት አልባ አደረገ። እንዲህ ያለ ወንዝ በመለኪያ መሣሪያ ብቻ አይታወቅም። ውኃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ደጃፍ እንደ ደረሰ የሚያውቀው በዳርቻው የኖረ ሰው ነው። ይህ እውቀት ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ ከመዝገብ የጎደለ መረጃ ነው።

ከባቡሩ በኋላ ፋብሪካዎች ተከተሉ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተሠራ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ሲቋቋሙ «ተሳትፎ» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማ ጀመር። ይሁንና ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ጉልበትና መዋጮን ነበር። ሕዝቡ የተጠራው ሥራው ከተወሰነ በኋላ እንዲያግዝ እንጂ በውሳኔው እንዲመክር አልነበረም።

ይህ ጥያቄ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዘመን እንደገና ተነሣ። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ከወጣ በኋላ፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በመልካ ጀብዱ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገነባ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 150 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን 15 የማምረቻ ሼዶች ተሠርተውበታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ተመረቀ። የቦታው ምርጫ ምክንያት አለው። መሬቱ ሜዳማ ነው፤ ለአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርና ወደ ወደቡ ለሚወስደው መንገድ ቅርብ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሜዳውን ያስመረጠው የመሐንዲስ አስተሳሰብ ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ነበር።

ነገር ግን ሜዳው ባዶ አልነበረም። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሙ ራሱ መንገድና ውኃ በዚያ እንደሚገናኙ ይመሰክራል፤ አስተውሎ ለሚያነበው የቅየሳ ሪፖርት ያህል ነው። ማሽላ ለሚዘራና ከብት ለሚያረባ ሰው መሬት የሚለካው በካሬ ሜትር ብቻ አይደለም። የከብት መንጃው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ የመቃብር ሥፍራውና የጎረቤት መረዳጃው ሁሉ ከመሬቱ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የፓርኩ ግንባታ በተጀመረበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ማሳውን በዘላቂነት ለሚለቅ ገበሬ ከንብረቱ ግምት ሌላ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። ካሳውን ተቀብሎ መሬቱን እንዲያስረክብ የሚሰጠው ጊዜ ከ90 ቀን እንዳያንስም ደንግጓል። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በሦስት ዓመት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈል አደረገ፤ ከሁሉም በላይ ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ምክክር እንዲደረግለት አዘዘ። ከገንዘቡ ጭማሪ ይልቅ ይህ የጊዜ ለውጥ ይበልጣል። ማስታወቅና ማማከር አንድ አይደሉምና።

ልዩነቱን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስቸግርም። በረቂቅ ላይ ያለ መሥመር በእርሳስና በላጲስ ይታረማል። ውል ከተፈረመ በኋላ ያው መሥመር ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። የነዋሪውም ቃል ዋጋ እንዲሁ ነው። አጥሩ ከመሠመሩ በፊት የተነገረ የከብት መንጃ አጥሩን ጥቂት ሜትር ያዛውራል፤ አጥሩ ከቆመ በኋላ የተነገረ መንጃ ክርክር ብቻ ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተጠራ ስብሰባም ስምምነትን አያጠብቅም።

ስለዚህ ምክክር ተደረገ ለማለት የተሰብሳቢው ቁጥርና የአበል ሰነዱ በቂ ማስረጃ አይደሉም። ሽማግሌዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ከብት የሚጠብቁት ወጣቶች መሰማት አለባቸው፤ ንግግሩም በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ፣ እያንዳንዱ በሚገባው ቋንቋ መሆን ይገባዋል። ቃለ ጉባኤው ምን እንደ ተባለና በተባለው ምክንያት በንድፉ ላይ ምን እንደ ተለወጠ ጎን ለጎን ሊጽፍ ይገባል። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ የተደረገው ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም።

የባቡሩ መሐንዲሶች ሜዳውን በትክክል ለክተዋል፤ በሜዳው ላይ የነበረውን ሰው ግን አልጠየቁም። እነርሱ የጠየቃቸው ሕግ አልነበረም ሊባል ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ይህን ለማለት የሚችል ባለሙያ የለም።