የጠፉ ውሾች ቤት

በ1860 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እንግሊዛዊት ከሰሜን ለንደን ሰፈሮች አንዱ በሆነው በሆሎዌይ የፈረስ ጋጣ ያለበት ግቢ ይዘው ባለቤት ያጡ ውሾችን መሰብሰብ ጀመሩ። እንደሚተረከው የነገሩ መነሻ አንድ ውሻ ነበር። ወዳጃቸው ሣራ ሜጀር በረኃብ ሊሞት የደረሰ ውሻ ከመንገድ አንሥተው አመጡ፤ ሁለቱ ሴቶች በቲልቢ ማድ ቤት ቢያስታምሙትም አልተረፈም። ለግቢው የወጣለት ስም «ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ» የሚል ነበር፤ ዛሬ ባተርሲ ተብሎ የሚታወቀው ትልቅ ድርጅት ከዚያ ጋጣ ነው የወጣው። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የደግነት ታሪክ ሆኖ ይነገራል፤ አንዲት ሴት ራሩ፣ ሌሎች ተከተሏቸው፣ የሰውም ልብ ቀስ በቀስ ለእንስሳ ለሰለሰ። ደግነቱን አልክድም። የመጠለያዎቹን የኋላ ታሪክ ለተከተለ ሰው ግን የሚታየው ከዚህ የከረረ ነው። የእንስሳት መጠለያ ከመቶ ዓመት በላይ መግደያም ሆኖ ኖሯል። ግድያው የቀነሰው የሚወለደው ቡችላና የድመት ግልገል ማነስ ሲጀምር ነው፤ ርኅራኄ ብቻውንማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ።

ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ታይምስ ጋዜጣ በቲልቢ ላይ ተሳለቀባቸው። የሳቁ ምክንያት ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ስለ ውሻ ያወራ ሰው የሚሰማው ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ እያደረ ለውሻ ቤት መሥራት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? ሕፃናት በጎዳና በሚያድሩባት በዚያን ዘመን ለንደን ይህ ጥያቄ ከባዶ የመጣ አልነበረም። መልሱን የሰጡት ከዚያ በኋላ የተከተሉት ነገሮች ናቸው። በኒው ዮርክ ሄንሪ በርግ በ1866 በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከል ማኅበር አቋቁሞ ነበር። በ1874 በአሳዳጊዋ የምትደበደብ አንዲት ሕፃን ጉዳይ ሰሚ ሲያጣ አቤቱታው የቀረበው ለእርሱ ነው፤ የማኅበሩ ጠበቃ ኤልብሪጅ ጌሪ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው፣ ከዚያም በዓለም የመጀመሪያ የሚባለው የሕፃናት መከላከያ ማኅበር ተመሠረተ። ሊቨርፑል ላይ ደግሞ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለውሾች መጠለያ ርዳታ በተጠየቀበት የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ስብሰባ ላይ ነገሩ ሰፍቶ ለሕፃናት ጥበቃ የሚደረግ ጥሪ ሆነ፤ የእንግሊዝ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር ሥሩ እዚያ ነው። ለውሻ የተዘረጋ እጅ ለሕፃን የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተቃራኒው በሄደ ነበር። ማን ይቅደም እያሉ የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም እጃቸውን ያልዘረጉት ናቸው።

ቲልቢን ከሳቁ ያወጣቸው አንድ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው ኦል ዘ ይር ራውንድ መጽሔት በ1862 ሁለት የውሻ ትርኢቶችን የሚያነጻጽር ጽሑፍ ወጣ። አንደኛው በኢዝሊንግተን የተካሄደው የሽልማት ውድድር ነው፤ ዘራቸው የተመሰከረላቸው፣ ተቀማጥለው ያደጉ ውሾች የታዩበት። ሁለተኛው እምብዛም ያልራቀው የቲልቢ ግቢ ነው። እዚያ እንግዳ ብቅ ባለ ቁጥር ምን ዓይነት ዘር እንደሆኑ የማይታወቁ ሃያ ሠላሳ ውሾች ግር ብለው ይሮጡና አፍንጫቸውን ሽቦው ላይ ይለጥፋሉ፤ የመጣው ጌታቸው መሆን አለመሆኑን ማየታቸው ነው። አንባቢ በዚህ አንጀቱ ተበላ። እኔን የሚይዘኝ ግን ከቤቱ ስም ውስጥ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ የሚገባው ውሻ አያቆምም። ጌታው ካልመጣ፣ የሚገዛውም ሰው ካልተገኘ፣ ነገ ለሚመጣው ቦታ መልቀቅ አለበት። ወዴት እንደሚለቅ ስሙ አይናገርም።

ቲልቢ በ1865 ሞቱ፤ ግቢው እርሳቸው ያላሰቡትን መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1867 የወጣው የለንደን የጎዳና ሕግ ፖሊስ ባለቤቱ የማይቆጣጠረውን ውሻ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጠው። የተያዙት የሚወሰዱበት ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ ቦታው ደግሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። በ1871 ቤቱ የጩኸቱ ነገር ካሰለቻቸው ጎረቤቶች ርቆ በባቡር ሐዲዶች መካከል ወዳለው ወደ ባተርሲ ተዛወረ። በርኅራኄ የተከፈተው ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፖሊስ ቀኝ እጅ ሆነ፤ ከውሻው መጥፋት ይልቅ ከተማው ከውሻ መጽዳቱ ይበልጥ ያሳስብ ጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃት ሲበረታ ፖሊስ አፉ ያልታሰረ ውሻን እያፈሰ ያመጣ ነበር። በ1884 ሐኪሙ ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን በጋዝና በክሎሮፎርም የሚገድል ክፍል ሠርተው አስገቡ፤ በ1885 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ የቤቱ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። ሁለቱ ነገሮች የተከታተሉት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ያ ዘመን ግን በሁለቱ መካከል ቅራኔ አይታየውም ነበር።

አትላንቲክን ብንሻገር ነገሩ ይብሳል። የኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት በየበጋው ውሻ ለሚይዝ ሰው በራስ ቆጥሮ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ከሰው ደጃፍ እየሰረቁ የሚያመጡ ሞልተው ነበር። የታፈሱት በትልቅ የብረት ሳጥን ይታጨቁና በማንሻ ተንጠልጥለው ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ ይነከራሉ። ትንሽ ቆይቶ ሳጥኑ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ እንደገና ይሞላል። ጁላይ 5 ቀን 1877 በዋለው አንድ ቀን ብቻ በዚህ መንገድ 762 ውሾች ሰምጠው ሞተዋል። በፊላደልፊያ ካሮላይን ኧርል ዋይት የተለየ መንገድ ቀየሱ። አባታቸው ቶማስ ኧርል ባርነት እንዲቀር የታገሉ ሰው ነበሩ። ዋይት የፊላደልፊያውን የእንስሳት መከላከያ ማኅበር በ1867 በማቋቋም ቢደክሙም ሴት ናቸውና በአመራሩ ወንበር አልተሰጣቸውም፤ በ1869 የሴቶቹን ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ። በ1870 የከተማውን የውሻ ማጎሪያ ተረከቡ፣ ውኃና ምግብ አስገቡበት፣ በዱላ መግደሉን አስቀርተው በጋዝ ተኩት። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሰብዓዊ መጠለያ ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። የኒው ዮርኩ በርግ ግን የከተማውን ማጎሪያ እንዲረከብ ሲለመን እምቢ እንዳለ በ1888 ሞተ። ማኅበሩ ከስድስት ዓመት በኋላ ተረከበው፤ ለመቶ ዓመትም የከተማዋ ውሻና ድመት ገዳይ ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ግብዞች ነበሩ? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ሚዛናዊ ፍርድ አይመስለኝም። ዋይት የመረጡት በሞትና በሕይወት መካከል አልነበረም። ምርጫቸው በዱላና በጋዝ፣ በጥማትና በአንድ ሳሕን ውኃ መካከል ነበር። በዚያ ምርጫ ትክክል ነበሩ። ጥፋቱ የመጣው ኋላ ነው፤ ለክፉ ዘመን የተገኘ ማቃለያ የሥራው ምሰሶ ሆኖ ሲቀር። ስሙ «በሰላም ማሳረፍ» ተባለ፣ መሣሪያው ተሻሻለ፣ ለምን ይህን ያህል እንስሳ በር ላይ እንደሚከመር የሚጠይቅ ግን ብዙ አልነበረም። በርግ እምቢ ሲል አንድ ነገር የታየው ይመስለኛል፤ ከተማው የሚከፍለው መጠለያ በከተማው ልክ ይገድላል።

ጉዳዩ ስሌት ነው። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፣ በአንድ ጊዜም አምስት ስድስት ቡችላ መውለድ አይከብዳትም፤ ድመት ትብሳለች። ቡችላ የሚፈልግ ቤት ቁጥር በዚያ ፍጥነት አያድግም። የሰው ደግነት በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ማኅፀን ይቀድመዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ መጠለያዎች በዓመት የሚገደሉት ውሾችና ድመቶች ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። ያኔ በውሻ ፍቅር የሚታማ አሜሪካዊ አልነበረም፤ የውሻ ምግብ፣ የውሻ ሐኪም፣ የውሻ ፊልም ሞልቶ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስ በ1971 ባለቤቶች በቅናሽ ዋጋ ውሻና ድመት የሚያስመክኑበት ክሊኒክ በከተማው ገንዘብ ከፈተች፤ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ብዙ ቦታ ያልመከነ ውሻ የያዘ ሰው ለፈቃዱ የበለጠ እንዲከፍል ተደረገ። መጠለያዎችም እንስሳውን ሳያመክኑ ለአዲስ ባለቤት ማስረከብ እያቆሙ መጡ። በ2019 የሚገደሉት ቁጥር ወደ 920 ሺህ መውረዱ ተገምቷል። በመካከሉ የውሻ ፍቅር አሥርና ሃያ እጥፍ አላደገም።

የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ከዚህ ጋር ይጋጫል የሚል ይኖራል፤ እዚያ የለወጠው የአንድ ሰው ቆራጥነት ነው ይባላል። በ1979 አንዲት የከተማዋ ነዋሪ ስትሞት ኑዛዜዋ ሲዶ የምትባል ውሻዋ እንድትገደል የሚያዝ ሆኖ ተገኘ፤ ከእርሷ በኋላ የሚንከባከባት አይገኝም ብላ ሠግታ ነው። የከተማው የእንስሳት ማኅበር መሪ ሪቻርድ አቫንዚኖ ውሻዋን አላስረክብም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ አገር ተነጋገረበት፤ በ1980 ሲዶን የሚያድን ሕግ በካሊፎርኒያ ወጣ፣ ፍርድ ቤቱም ኑዛዜው አይጸናም አለ። በ1994 ከተማው ጤነኛ ውሻና ድመት ላለመግደል ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ቆራጥነቱን ማንም አይነሣውም። ዳሩ ግን ያ ስምምነት ሊፈጸም የቻለው ማኅበሩ ለዓመታት በርካሽና በነጻ ሲያመክን ስለኖረ ነው፤ የሚገባው እንስሳ ባያንስ ኖሮ ወረቀቱ በአንድ ክረምት በተቀደደ። «አንገድልም» የሚሉ መጠለያዎች የታመመውንና ያረጀውን በር ላይ እየመለሱ ለማዘጋጃ ቤቱ ይተዉታል የሚለው ወቀሳም በብዙ ቦታ እውነት አለው። መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት ወይም የመግደያ መርፌውን መመለስ ሳይሆን በሩ ላይ የሚሰለፈውን ማሳነስ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከእንግሊዝ ታሪክ ይመጣል። እንግሊዝ በ1902 ከእብድ ውሻ በሽታ ነጻ ወጣች፤ ውሻ በማፈስና በመግደል አይደለም ወይ? የታፈሰው ድርሻ አለው። ነገር ግን በ1890ዎቹ መጨረሻ ቁርጡ የተደረገው በአፍ ማሰሪያ ግዴታና ከባሕር ማዶ የሚመጣን ውሻ ለይቶ በማቆየት ነው፤ አገሪቱም በባሕር የተከበበች ናት። ለውሻ የሚሰጥ አስተማማኝ ክትባት ገና አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የተገደለ ውሻ ቦታው ባዶ አይቆይም፣ ያልተከተበ ቡችላ ይተካዋል።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከመጠለያ ውሻ ሲያመጡ «አዶፕት አደረግን» ይላሉ፤ «ጉዲፈቻ» ለማለት አፋቸው አይታዘዝም፣ ቃሉ የልጅ ነውና። እዚህ ደግሞ «መጠለያ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ተፈናቃይ ነው። በከተሞቻችን የሚታወቀው መንገድ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ መበተን ነበር። ነገር ግን ጎዳና ላይ ከምናየው ውሻ ብዙው ደጅ አለው፤ ቀን ይለቀቃል፣ ማታ አጥር ይጠብቃል። ይህን ውሻ አፍሶ ቤት ማጎር የ1870ዎቹን ለንደን መድገም ነው። የሚሻለው መንገድ ባሌ ላይ ተሞክሯል። በመላ አገሪቱ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮ ጎልማሶች እዚያ በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከእረኞች ውሾች በተላለፈ በሽታ ብዙ ቁጥር አጥተዋል፤ የጥበቃ ባለሙያዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ የገበሬውን ውሻ ይከትባሉ፣ ውሻው ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ ለመሥራት ገንዘብ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ የመጀመሪያውን ብር ለሽቦና ለቆርቆሮ ሳይሆን ለክትባትና ለማምከኛ አውሉት።